ለአገር ቤት ልማት ገንዘብ ለምታዋጡ

አሜሪካ ከገባችሁ ብዙም ሳይቆይ የተወላጆች ማህበር ይጠራችኋል። ሂዱ፣ አዋጡ። ከማዋጣታችሁ በፊት ግን ስሙኝ። እነዚህ ስብሰባዎች ላይ ዓመታት ተቀምጫለሁ፤ የባከነው ገንዘብ ዛሬም ያንገበግበኛል።

1. ወረቀቱ

ማህበሩ በሕግ የተመዘገበ ይሁን፣ ገንዘቡ ባንክ ይግባ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ። በቃ።

2. ሪባን ለመቁረጥ አትቸኩሉ

የፈረንጆቹ የልማት አሠራር እኛም ውስጥ ገብቷል። ድህነት የዕቃ እጥረት ብቻ ይመስለናል፤ ዕቃው ከተገዛ ድህነቱ ያልቃል ብለን እናስባለን። አንድ ገጠር ቀበሌ ውስጥ በእጅ የሚሠራ የውሃ ፓምፕ አይቻለሁ። የረጂው ስም ያለበት ሰሌዳ እንደቆመ ነው። እጀታውን ብትነቀንቁት ግን ጠብ የሚል ነገር የለም። ያለቀችው ውስጡ ያለች ትንሽ ጎማ ናት። የት እንደምትሸጥ የሚያውቅ፣ መለወጥ የሠለጠነ ሰው አካባቢው ላይ አልነበረም። ሴቶቹ ወደ ድሮው ምንጭ ተመልሰዋል። በየወሩ ለጥገና ጥቂት ብር ማዋጣት እኮ ዕድር ላለው ሕዝብ አዲስ ነገር አይደለም። የጠየቃቸው የለም እንጂ!

3. ችግሩ የምርት ማነስ ብቻ አይደለም

እ.ኤ.አ. በ1993 የእርሻ ሳይንቲስቱ ኖርማን ቦርሎግና የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የነበሩበት ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለ የግብርና ፕሮግራም ኢትዮጵያ ገባ። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ለገበሬው ደረሰ፤ ምርቱም አደገ። ይህን መካድ አይቻልም። ከ2001 እስከ 2002 በቆሎ ተትረፈረፈ። ከዚያስ? ዋጋው ወደቀ። በቂ መጋዘን የለም፣ መንገድ የለም፣ ገዢ የለም። የበቆሎው ሽያጭ የማዳበሪያውን ዕዳ መሸፈን አቃተው። እህሉን ማሳ ላይ የተወ ገበሬ ነበር። ወዲያው ደግሞ ዝናብ ጠፋ፤ በ2003 ወደ 13 ሚሊዮን ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። አገሩ ጠግቦ ባደረ በዓመቱ!

እኛ ግን ዛሬም ስብሰባ ላይ ትራክተር እንግዛ እንላለን። ገበሬው እህሉን ጥር ላይ ለምን እንደሚሸጥ የሚጠይቅ አላየሁም። የሚሸጠው ዕዳና ግብር ስለሚጠየቅ ነው። ሁሉም አንድ ጊዜ ገበያ ሲያወጣ ዋጋው ይረክሳል። ክረምት ሲገባ ያንኑ እህል ከነጋዴ በውድ ይገዛል። ገንዘባችሁን እዚህ ላይ አውሉት! ለኅብረት ሥራ ማህበሩ ተዘዋዋሪ ብድር ስጡ። ገበሬው እህሉን መጋዘን አስገብቶ በዚያው መያዣነት የተወሰነ ብር ይውሰድ። ዋጋ ሲወጣ ይሽጥና ብድሩን ይመልስ፤ ገንዘቡ ለሌላው ይዙር። ነቀዝ እንዳይጨርሰው አየር የማያስገባ ከረጢት ግዙ። ይህ ፎቶ ላይ አያምርም፤ አውቃለሁ። ቤተሰብ ነሐሴን ሳይራብ የሚሻገረው ግን በዚህ ነው።

ቀጣዩ ስብሰባ ላይ ስለ አዳራሽ ኪራይ ከመነጋገራችሁ በፊት የኅብረት ሥራ ማህበሩን ሊቀመንበር ደውሉላቸው። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጉት፣ ሁሉም ይስማ። ዘንድሮ እህሉ በስንት ተሸጠ? ክረምት ላይስ በስንት ይገዛል? የመጋዘኑ ጣሪያ ያፈስሳል ወይ? በጀቱን ከዚያ በኋላ ጻፉ።