ደሴ እያለች ኤርፖርቱ ለምን ኮምቦልቻ ሆነ?

«ኤርፖርቱ የሚጠራው በደሴ፣ የምንወርደው ኮምቦልቻ። ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳን የሚያህል ሜዳ እያለ ለደሴ ለብቻዋ የማይሠራላት ለምንድን ነው?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድማችን፦

ዋናው ምክንያት ከፍታ ነው። «ፖለቲካ አለበት» የምትሉም አትጠፉም፤ ፖለቲካውን ብታወጡትም መልሱ ያው ነው።

የኮምቦልቻ ኤርፖርት 1860 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በአቪዬሽን ስሌት በዚህ ከፍታ ይጠበቃል የሚባለው ሙቀት 3 ዲግሪ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ለሚጨምር ለእያንዳንዱ ዲግሪ አየሩ ስለሚሳሳ፣ አውሮፕላኑ 36 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ቦታ ላይ የቆመ ያህል ይቆጠራል። ቀኑ 25 ዲግሪ ከሆነ እንግዲህ ክንፉና ሞተሩ የሚሠሩት 2660 ሜትር ገደማ ላይ እንዳሉ ሆነው ነው። ቦሩ ሜዳን በ2600 ሜትር አስበህ በ20 ዲግሪ ቀን ብታሰላው 3400 ሜትር ገደማ ይመጣል። አየር ሲሳሳ ሞተሩ ይደክማል፣ ለመነሳት የሚያስፈልገው የመሬት ላይ ፍጥነት ይጨምራል፣ መንደርደሪያውም መርዘም አለበት። ካልረዘመ ሰው ወይም ጭነት ይቀነሳል። በሞቃት ቀን «ሻንጣህ በሚቀጥለው በረራ ይመጣል» ከሚባልባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

ቦሌስ ከ2300 ሜትር በላይ አይደለም ወይ ትለኝ ይሆናል። ነው፤ ግን የቦሌ መንደርደሪያዎች 3700 እና 3800 ሜትር ናቸው።

ሌላው ተራራው ነው። ሜዳ ሲባል ብዙ ሰው የሚያየው መሬቱን ነው፤ አብራሪው የሚያየው መግቢያውን ነው። ለማረፍ የሚወረደው በ3 ዲግሪ ቁልቁለት ስለሆነ በየኪሎ ሜትሩ 52 ሜትር ያህል ይወረዳል። 10 ኪሎ ሜትር ሲቀረው ከመንደርደሪያው በላይ 520 ሜትር ላይ ነው ማለት ነው፤ በዚያ መስመር ላይ ጉብታ ካለ ሜዳው ምንም ቢያምር አይረዳም። በመነሻም አንድ ሞተር ቢጠፋ በቀሪው ሞተር ጉብታውን ማለፍ ግድ ነው። ደሴ ራሷ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መሃል የተቀመጠች ናት፤ ለዚህ አትመችም። የቦርከና ሸለቆ ኮምቦልቻ ላይ ሲደርስ ሰፋ ይላል።

ታሪኩም ይህን ይደግፋል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የጦር አውሮፕላኖቹን ያሳረፈው እዚያው ኮምቦልቻ ነበር፤ በ1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ አውሮፕላኖች ደጋግመው የደበደቡትም ይህንኑ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሲቋቋም የጀመረው በሲ-47 ነበር፣ የዲሲ-3 ወታደራዊ ዓይነት ማለት ነው። መቀመጫው በግራና በቀኝ ግድግዳ ላይ የሚታጠፍ አግዳሚ ነበር፤ ዕቃው መሃል ላይ ይጫናል። ያ አውሮፕላን በሳርም በጠጠርም ያርፍ ስለነበር የክፍለ ሀገር ኤርፖርት ማለት ያኔ የተስተካከለ ሜዳና የንፋስ ከረጢት ነበር ማለት ይቻላል። ከ70 በላይ ሰው ለሚይዘው ኪው-400 ለተባለው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ግን አስፋልት ይመረጣል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ወቅት ደግሞ በረራው ተቋርጦ ነበር።

የመሬቱን ነገር አትናቁት። መረሬ አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ሳይወጣ አስፋልት ከተደረገበት በሁለት ሦስት ክረምት ወለሉ ይወዛወዛል። ተቆፍሮ ወጥቶ ገረጋንቲ በስስ በስሱ እየተነጠፈ፣ እየረጠበና እየተዳመጠ ይሞላል፤ ግራና ቀኙ ላይ የውሃ መውረጃ ቦይ ይሠራል። ቦዩ በደለል ከተደፈነ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። የአጥር ነገርም እንዲሁ፦ አንድ ፍየል ከገባች አውሮፕላኑ አያርፍም።

ስሙን በተመለከተ፣ ትኬት ስትፈልግ ዲ-ኤስ-ኢ ብለህ ፈልግ። ኮዱ የተወሰደው ከደሴ ነው። አብራሪዎች የሚጠቀሙበት ኤች-ኤ-ዲ-ሲ ደግሞ ደሴንም (ዲ) ኮምቦልቻንም (ሲ) ይዟል፤ ስለዚህ በስም መጣላቱ ይቅርብን።

ከቻልክ የጠዋቱን በረራ ያዝ። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ነፋሱም ገና አልተነሳም። ሐምሌና ነሐሴ ግን ጠዋትም ደመናው ተራራው ላይ ይተኛል፤ አውሮፕላኑ ሳያርፍ ወደ አዲስ አበባ ሊመለስ ስለሚችል በዚያው ቀን የሚያመልጥህ ቀጠሮ አታድርግ። ከደሴ የምትነሳ ከሆነ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ አብሽር፤ በመንገዱ ላይ ዶሮ መዝለያ የሚባለው ቦታ ላይ ጭጋግ ወይ ከባድ መኪና ከገጠመህ ግን አንድ ሰዓት ሊፈጅብህ ይችላል።