ከትኬቱ በስተጀርባ ያለው የመንገድ ደህንነት ሥራ

ጥያቄ፦ የምኖረው ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ነው። «ቱዋርድ ዜሮ ዴዝስ» (የመንገድ ሞትን ወደ ዜሮ ማውረድ) በሚሉት ዘመቻ ሰሞን ፖሊሶች መንገድ ላይ ይበዛሉ። ከትኬት ሌላ ምን ጥቅም አለው? የአንድ ዓመት ተኩልና የሰባት ዓመት ወንዶች ልጆቼንስ መኪና ውስጥ እንዴት ላስቀምጣቸው?
የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ እህታችን፣ ጎልቶ የሚታየው ፖሊሱ ነው እንጂ ሥራው የብዙዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው ዘመቻ የግዛቲቱ የሕዝብ ደህንነት፣ የትራንስፖርትና የጤና መሥሪያ ቤቶች ተጣምረዋል። ትልቁ ጥቅም አደጋው «የአሽከርካሪ ጥፋት» ተብሎ ብቻ አለመዘጋቱ ነው።

አንድ ሰው እንቅልፍ ሸለብ አድርጎት ከመስመሩ ወጣና ከፊቱ ከሚመጣ መኪና ጋር ተጋጨ እንበል። ፖሊስ ፍጥነቱንና መጠጡን ያጣራል። መሐንዲሱ ግን መኪናው ማዶ ሳይሻገር የሚይዘው ነገር ለምን እንዳልነበረ ይጠይቃል። መፍትሔው ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። አስፋልቱ ጠርዝና መሃል ላይ የተቦረቦረው መስመር ጎማ ሲረግጠው እየጮኸና እየነዘረ ነጂውን ያነቃዋል። በሃይዌይ መካከል የተወጠረው የብረት ገመድ ደግሞ ቋሚዎቹ ሲታጠፉ እየተለጠጠ መኪናውን ይይዘዋል፤ መኪናው ይጎዳል፣ ሰው ይተርፋል። የአምቡላንሱ ድርሻ ቁስለኛውን ለከባድ ጉዳት ወደተዘጋጀ ሆስፒታል በቶሎ ማድረስ ነው።

ሕጉም ጠብቋል። ከ2009 ወዲህ ቀበቶ አለማሰር ብቻውን ያስቆማል፤ ከኦገስት 2019 ጀምሮ እየነዱ ስልክ በእጅ መያዝ ክልክል ነው። በግዛቲቱ መንገዶች ላይ በ2003 የሞቱት 655 ነበሩ፣ በ2014 ወደ 361 ወረዱ። በ2021 ግን 488 ደረሱ፤ ፈጣን ነጂ ሲበዛ የተገኘው ውጤት ይሸረሸራል።

ወደ ልጆችዎ እንምጣ። ከኦገስት 2024 ወዲህ ባለው ሕግ ትንሹ ቢያንስ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ አዙሮ ይቀመጣል። ትልቁ፣ ባለማሰሪያው ካርሲት (የልጅ የመኪና ወንበር) ከጠበበው፣ ቡስተር (ቀበቶው በልኩ እንዲያርፍ ልጁን ከፍ የሚያደርግ መቀመጫ) ላይ ይሆናል፤ ይህም ዘጠኝ ዓመት እስኪሞላው ወይም ቡስተሩ እስኪጠበውና የመኪናው ቀበቶ በልኩ እስኪሆነው ነው። በልኩ ነው የሚባለው ጀርባው ተደግፎ ጉልበቱ በወንበሩ ጠርዝ ሲታጠፍ፣ የታችኛው ቀበቶ ሆዱ ላይ ሳይሆን ጭኑ ላይ ሲያርፍ ነው። ሁለቱም የኋላ ወንበር ላይ ይሁኑ።

በዚያ ብርድ አገር አደገኛው ስህተት ወፍራም ጃኬት ነው። ቀበቶው የጠበቀ ይመስላል፤ በግጭት ጊዜ ግን ጃኬቱ ይጨፈለቅና ቀበቶው ይላላል። አስቀድመው ያውልቁለት፣ ካሰሩ በኋላ ከላይ ጣል ያድርጉበት። ትከሻው ላይ ቀበቶውን በሁለት ጣት መቆንጠጥ ከቻሉ ገና አልጠበቀም። ካርሲቱም መታሰሪያው አጠገብ ሲነቀንቁት ከ2.5 ሴንቲሜትር በላይ መንቀሳቀስ የለበትም። ከጎረቤት የተዋሱት ከሆነ የተጻፈበትን የማብቂያ ቀን ይዩ፤ አደጋ ደርሶበት እንደሆነ የሚነግርዎት ሰው ከሌለ አይጠቀሙበት።