ጎተራው ቴአትር ቤት ይሁን ካላችሁ

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የአንድ ዓይነት ሰዎች ናቸው። ሥራ የፈታ ጎተራ፣ ወፍጮ ቤት ወይም የተዘጋ የገጠር ትምህርት ቤት አግኝተው የመንደሩ የኪነ ጥበብ ቤት ሊያደርጉት ተነሥተዋል። ብዙዎቹ ያማረ ንድፍ ልከውልኛል፤ ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ የነገሩኝ ግን ጥቂቶች ናቸው።

«የድሮ ወፍጮ ቤት አገኘን። ግድግዳው በኖራና በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ነው። ግንበኛው በሲሚንቶ ለሰነልን፤ ዓመት ሳይሞላው ልስኑ እያበጠ ይረግፍ ጀመር፤ የሰቀልናቸው ሥዕሎች ጀርባም ሻገተ። ልስኑን እናወፍረው?»

የለም፤ ያወፈሩት እንደሆነ ችግሩም አብሮ ይወፍራል። እንዲህ ያለ ግድግዳ ከመሬት እርጥበት ይስባል፣ ከዝናብም ይጠጣል፤ የሳበውን ደግሞ በፊቱ በኩል ያተናል። ኖራና ጭቃ እንፋሎቱን ያሳልፋሉ። ሲሚንቶ ግን ውሃውን ከውስጥ ይቆልፍበታል። የተቆለፈው ውሃ ጨው አሟሙቶ ወደ ልስኑ ጀርባ ይወስዳል፤ ውሃው ሲደርቅ ጨው እዚያው ይጠጥርና ልስኑን ከድንጋዩ ገፍቶ ያላቅቀዋል።

ግድግዳውን በጣትዎ አንጓ ያንኳኩት። እንደ ባዶ ቅል የሚጮኸው ቦታ ልስኑ የተላቀቀበት ነው፤ ከዚያ ጀምረው በእጅ መሮ ያንሡት። አጥብቆ የያዘውን በኃይል አይፈንቅሉ፤ የድንጋዩን ፊት ይዞ ይመጣል። ከዚያ ወደ ውጭ ይውጡና መሬቱን ይመልከቱ። በዓመታት ብዛት አፈር ተቆልሎ ከውስጡ ወለል በላይ ወጥቶ ይሆናል። እሱን ቆፍረው ዝቅ ሳያደርጉና ለዝናቡ መውረጃ ሳያበጁለት የሚያደርጉት ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

ወፍራም ግድግዳ በቀስታ ስለሚደርቅ ጊዜ ይስጡት። ሲደርቅ በስስ በስሱ በኖራ ይለስኑት። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ስለሆነ አይቸኩልም፤ ከብርቱ ፀሐይ ይከልሉት፣ ውሃም ያርከፍክፉለት። እጅና ዓይን ያቃጥላልና ያለ ጓንትና መነጽር አይንኩት። የምርቃቱ ቀን ተቆርጦብናል የሚሉኝ ካለ ምርቃቱን ያራዝሙ።

«መሐንዲሱ አፍርሰን አዲስ ብንሠራ እንደሚረክስ፣ ኤሌክትሪክም እንደሚቆጥብልን ነግሮናል። እውነት ነው?»

ሊረክስ ይችላል። ስሌቱ የሚጀምረው ግን ከየት ነው? በሩ ከተከፈተበት ቀን ከሆነ ግማሹን፣ ግንባታው ራሱ ወደ አየር የሚለቀውን ካርቦን፣ ትቶታል። ሲሚንቶ የሚጋገረው ወደ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ነው፤ ከነዳጁ ጭስ ሌላ የኖራ ድንጋዩ ራሱ ሲቃጠል ካርቦን ይለቃል። ከዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው ከዚህ ኢንዱስትሪ እንደሚመጣ ይገመታል። የቆመው ግድግዳ ግን ይህን ዕዳ ድሮ ከፍሏል።

አንድ ነገር ልጨምር። የመንደር የጥበብ ቤት በሳምንት ለጥቂት ሰዓታት ነው መብራት የሚያበራው። በእንዲህ ያለ ቤት በኤሌክትሪክ የሚቆጠበው ጥቂት ስለሆነ ለግንባታው የወጣውን ካርቦን ለማካካስ ብዙ ዓመታት ይፈጃል። መሠረቱ እየሰመጠ ከሆነ ወይም ምስጥ ወራጆቹን ጨርሶ ከበላቸው ግን ከመሐንዲሱ ጋር ነኝ።

«በጎተራችን ውስጥ ዘፈን ያምራል፤ ድራማ ስንሠራ ግን ቃላቱ ይደባለቃሉ።»

ከመቶ ዓመት በፊት መልስ ያገኘ ጥያቄ ነው። ዋላስ ሳቢን የሚባል የሃርቫርድ የፊዚክስ መምህር በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. ንግግር የማይሰማበት የትምህርት አዳራሽ እንዲያስተካክል ታዘዘ። ሌሊት ሌሊት ከሌላ ቴአትር ቤት የመቀመጫ ትራሶች እያመጣ፣ የኦርጋን ድምፅ ለመጥፋት የሚፈጀውን ጊዜ ይለካ ነበር። የደረሰበት ነገር ቀላል ነው፦ ክፍሉ በሰፋ ቁጥር ድምፁ ይቆያል፤ ድምፅ የሚመጥጥ ነገር በበዛ ቁጥር ቶሎ ይሞታል። ለንግግር አንድ ሰከንድ ገደማ ይበቃል፤ ሙዚቃ ግን አንድ ተኩልና ከዚያም በላይ ይወዳል።

ስለዚህ አንዱን መርጠው ሌላውን አይግደሉ። ከግድግዳው ትንሽ ራቅ ብሎ የሚንሸራተት ከባድ መጋረጃ ይስቀሉ፤ ለድራማ ይዘርጉት፣ ለዘፈን ይሰብስቡት። ልምምዱ ላይ ብቻ ሰምተው አይፍረዱ፤ ተመልካቹ ራሱ ድምፅ ይመጥጣል። የእንቁላል መያዣ ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ግን ይቅርብዎ። የሚሰጠው ጥቅም እጅግ ትንሽ ነው፤ እሳት ሲነሣ ደግሞ ጥሩ ማገዶ ይሆናል።

«ሁለት ዐውደ ርእይ አዘጋጀን። የመንደሩ ሰው "የከተማ ሰዎች ቤት" እያለ አልመጣም።»

ልክ ብሏል። እስካሁን የጋበዛችሁት ለማየት ብቻ ነው።

በጃፓን ናኦሺማ ደሴት ካዶያ የሚባል ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ቤት አለ። ታትሱኦ ሚያጂማ የተባለው የጥበብ ሰው በ1998 እ.ኤ.አ. የክፍሉን ወለል የውሃ ገንዳ አደረገውና 125 የሚያበሩ የቁጥር መቁጠሪያዎች አኖረበት። ቁጥሮቹ በየራሳቸው ፍጥነት ይለዋወጣሉ፤ የእያንዳንዱን ፍጥነት የወሰነው አንድ የደሴቲቱ ነዋሪ ነው። ያ ሰው ልጁን ይዞ ሲገባ «ያቺ የኔ ናት» ብሎ የሚያሳየው ነገር አለው። እናንተም ገና ልስኑ ሲለሰን ሰው ጥሩ፤ የቤቱን የቀድሞ ሥራ የሚያስታውሱ አዛውንቶችን ጠይቁ፤ አንዱን ቁልፍ ለመንደሩ ሰው ስጡ። ዐውደ ርእይ በሌለበት ቀን ልጆች ያጥኑበት፣ ሰው ይሰብሰብበት። ወለሉ ይቆሽሻል፤ ይቆሽሽ።

«ጣሪያው ሥር የሌሊት ወፎች ሰፍረዋል፤ ክዳኑ ደግሞ አስቤስቶስ ነው።»

የሌሊት ወፎቹን ከመንካትዎ በፊት ሕጉን ይጠይቁ፤ በብዙ አገሮች ማባረር ክልክል ነው። የአስቤስቶስ ብናኝ ሳንባ ስለሚጎዳ ክዳኑን አይብሱት፣ አይቁረጡት፣ አይፈግፍጉት፤ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳም አይሰኩበት። የሚያነሣው የሠለጠነ ሰው ብቻ ነው።

«ሁሉ ተጠናቋል። ምን የቀረን ይመስልዎታል?»

እሳት። በእንግሊዝ ስኔፕ በተባለች መንደር የነበረ የብቅል ማምረቻ በ1967 እ.ኤ.አ. የሙዚቃ አዳራሽ ሆኖ ተከፈተ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በዚያ የሚካሄደው የሙዚቃ ፌስቲቫል በተከፈተበት ዕለት ሌሊት፣ ግድግዳው ብቻ እስኪቀር ተቃጠለ። በዓመቱ ታድሶ ተከፈተ፤ እዚያ ግን ቤንጃሚን ብሪተንን የመሰለ ዝነኛ አቀናባሪ ነበረ፣ እርዳታውም ጎረፈ። ለእናንተ የሚጎርፍ አይመስለኝም። የድሮውን የኤሌክትሪክ መስመር ሙሉ በሙሉ ቀይሩ፤ የሚግል አምፖል ከደረቅ እንጨት አርቁ፤ ወደ ውጭ የሚከፈት ሁለተኛ በር አብጁ። ከዚያ አዳራሹን በሰው ሞልታችሁ መብራቱን አጥፉና ሁሉም እስኪወጣ የሚፈጀውን ጊዜ ለኩ።