ለእንግሊዝ ክሪኬት፣ ለዌልስ ራግቢ የተጫወተው ማነው? (መልስ)

ለእንግሊዝ ክሪኬት፣ ለዌልስ ደግሞ ራግቢ የተጫወተው ማነው ብለህ ለጠየቅከው፣ የምትፈልገው ሰው ሞሪስ ተርንቡል ነው። አንተ የጠረጠርከው ዊልፍ ዉለር አይደለም።

ዉለር ለዌልስ 18 ጊዜ ራግቢ ተሰልፏል። የዌልሱን የክሪኬት ክለብ ግላሞርጋንንም በ1948 እ.ኤ.አ. በአምበልነት መርቶ የመጀመሪያውን የካውንቲ ሻምፒዮና (የእንግሊዝና ዌልስ ክለቦች የክሪኬት ውድድር) አስገኝቶለታል። ለእንግሊዝ ግን አንድም የቴስት ግጥሚያ (በብሔራዊ ቡድኖች መካከል የሚደረግ የክሪኬት ጨዋታ) አልተጫወተም።

ተርንቡል 9 ቴስት አለው። በ1906 እ.ኤ.አ. ካርዲፍ የተወለደ ሲሆን ከ1930 እስከ 1939 እ.ኤ.አ. የግላሞርጋን አምበል ነበር። አምበል ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! የክለቡ ጸሐፊም እሱ ነው። ካዝናው ባዶ ስለነበር የዳንስ ምሽት እያዘጋጀ ገንዘብ ያሰባስብ ነበር። ነሐሴ 5፣ 1944 እ.ኤ.አ. ኖርማንዲ ላይ በጦርነቱ ሞተ።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። በዚህ ጥያቄ ሰው ሲምታታበት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፣ ምክንያቱም ሁለቱም ለዌልስ የመጀመሪያ ጨዋታቸውን ያደረጉት በአንድ ቀን ነው። ጥር 1933 እ.ኤ.አ. ዌልስ በእንግሊዝ የራግቢ ሜዳ ትዊክነም ላይ እንግሊዝን 7 ለ 3 ስትረታ፣ እዚያ ሜዳ ስታሸንፍ የመጀመሪያዋ ነበር። የራግቢውን ዝርዝር ብቻ ካየህ አትለያቸውም፤ የቴስት ዝርዝሩን ክፈት። ዌልስ የራሷ የቴስት ቡድን ስለሌላት ስሙን እንግሊዝ ስር ታገኘዋለህ።