የአንባቢያን ጥያቄ፦ ለዕይታ የሚቀርብ ድርብ አውራ ዶሮ

ጥያቄ፦ የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ለግብርና ኤግዚቢሽን የማቀርበው ቀይ ድርብ (አናቱ ላይ ያለው ሥጋ እንደ ነጠላው አንድ ረድፍ ሳይሆን ሰፋ ያለ) የሐበሻ አውራ ዶሮ እፈልጋለሁ። ቅዳሜ ገበያ የጠየቅሁት ሻጭ ሁሉ «ንጹሕ ሐበሻ ነው» ይለኛል። በምን ልለይ?

መልስ፦ መጀመሪያ በሚዛን። ያደገ የሐበሻ አውራ አብዛኛውን ጊዜ 1.5 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ሴቷ ታንሳለች። ከቅልጥሙ ጀርባ ሹል ገና ያላወጣ ለጋ አውራ 2.5 ኪሎ ከሳበ የሳሶ ወይም የሌላ ፈረንጅ ዶሮ ደም እንዳለበት ይጠርጥሩ። «ቢጫ እግር ካለው ፈረንጅ ነው» የሚባለውን ግን አይስሙ፤ ቢጫ ቅልጥም በሐበሻውም ሞልቷል።

ከላባው ይልቅ ስለ እናቱ ይጠይቁ። ታቅፋ ትፈለፍላለች ወይ? እንደ ቦቫንስ ያሉት ለእንቁላል የተመረጡ ዶሮዎች መታቀፉን ትተውታል። ይህን በትክክል የሚነግርዎ ነጋዴው ሳይሆን ያሳደገችው ባለቤት ናት። ስለዚህ ወደ ማክሰኝት ወይም ወደ ቆላ ድባ ወጣ ብለው ከቤት ቢገዙ፣ እናትና አባቱንም ቢያዩ ይሻላል። የበዓል ዋዜማን ይተዉት፤ ዋጋው ይንራል፣ በሽታውም ያኔ ነው የሚዛመተው።

በእጅዎ ይዘው የደረቱን አጥንት በጣት ይዳስሱ። ከተጣመመ አይግዙት። ጫጩት ሳለ አጥንት የሚያጠነክር መኖ አጥቷል፣ ወይም ሳይጠነክር ቀጭን ቆጥ ላይ ወጥቷል፤ ኋላ አይቃናም። ክንፉን ገልጠው ቅማልና ቅንቅን ይፈልጉ። የእግሩ ቅርፊት ከተነሳና ኖራ የተቀባ ከመሰለ ከሥሩ የእከክ ተባይ አለ። ይህኛው ግን ይድናል፦ በሳሙና ውኃ እየፈተጉ ቫዝሊን ወፍራም አድርጎ መቀባት፣ በሳምንት 2 ጊዜ፣ ለአንድ ወር ያህል።

ቤት ሲያደርሱት ለ3 ሳምንት ከሌሎቹ ለይተው ያኑሩት። ፈንግል የያዘው ዶሮ ምልክት ሳያሳይ ገበያ ሊቀርብ ይችላል፤ ከቀናት በኋላ አረንጓዴ ቅዘን፣ ማቃተት፣ የአንገት መጠምዘዝ ይመጣል፣ ግቢው ባዶ ይቀራል። ደህና ከሆነ ላሶታ የተባለውን ክትባት ያስከትቡት፤ ኤግዚቢሽኑ ቢያንስ 3 ሳምንት ሲቀረው ይሁን፣ ክትባቱ ሰውነት ውስጥ እስኪሠራ ጊዜ ይፈልጋልና። በመጠጥ ውኃ የሚሰጡ ከሆነ የቧንቧው ክሎሪን ክትባቱን ይገድለዋል፦ ውኃውን ክዳኑን ከፍተው ያሳድሩት፣ በሊትር 2 ግራም ያህል ስብ የሌለው የዱቄት ወተት ይጨምሩበት፣ ዶሮዎቹን አስጠምተው በ2 ሰዓት ውስጥ ይጨርሱት።

ጥያቄ፦ ወንዱም ሴቷም ድርብ ናቸው። ከ12 ጫጩት 3ቱ ነጠላ ወጡ። የጎረቤት አውራ ገብቶባት ይሆን? (ከቆላ ድባ)

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ ግን ጎረቤትዎን ከመውቀስዎ በፊት ይህን ይመልከቱ። ዶሮ የአናቱን ቅርጽ ከአባትም ከእናትም ይወርሳል። አንደኛው ድርብ ሌላኛው ነጠላ ከሆነ የሚታየው ድርቡ ነው፣ ነጠላው ተደብቆ ይተላለፋል። ወንዱም ሴቷም ነጠላውን ከደበቁ ከ4 ጫጩት 1 ያህሉ ነጠላ ይሆናል። የእርስዎ 12 ጫጩቶች ከዚሁ ስሌት ጋር ገጥመዋል።

የትኛው አውራ እንደጠራ፣ ማለትም ነጠላውን እንዳልደበቀ፣ ለማወቅ ከነጠላ ሴቶች ጋር ብቻ ያቆዩት። አንድም ነጠላ ከወጣ አውራው አልጠራም። 7 ጫጩት ተፈልፍለው ሁሉም ድርብ ከሆኑ የመሳሳት ዕድልዎ ከ100 አንድ አይሞላም። ሴቶቹ ግን የቀድሞውን አውራ ዘር ለ3 ሳምንት ያህል ይይዛሉ፤ ከዚያ በፊት የተጣለውን እንቁላል ለፈተናው አያስታቅፉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የጠራውን ካገኙ ከገዛ ልጆቹ ጋር አያዳቅሉት። በየትውልዱ አውራ ይለውጡ፤ ለአንድ አውራ ከ8 እስከ 10 ሴት ይበቃዋል። ነጠላ ሆነው የወጡትም ለወጥ ይሆናሉ፣ አይጣሉ።

ጥያቄ፦ የአውራዬ የጅራት ላባ ተሰብሯል። ኤግዚቢሽኑ 2 ወር ቀርቶታል። (ከማራኪ)

መልስ፦ ዛሬውኑ ይንቀሉት። የተሰበረ ላባ ዶሮው ላባውን እስኪቀይር ድረስ እንደተሰበረ ይቆያል፤ ከሥሩ የተነቀለው ግን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ገደማ ይተካል። ሥሩን አጥብቀው ይዘው ወደ ላባው አቅጣጫ ይሳቡ። አዲሱ ላባ ሲወጣ ውስጡ ደም አለበትና እንዳይነካ ብቻውን፣ ሰፋ ያለ ቦታ ያኑሩት፤ ቆጡን ጅራቱ ግድግዳ እንዳይፈትግ ከግድግዳው ያርቁት።

ላባ በአብዛኛው ፕሮቲን ነው፤ በቆሎ ብቻ የሚበላ ዶሮ ላባው ይደርቃል። ለ10 ኪሎ መኖ 5.7 ኪሎ የተከካ በቆሎ፣ 2.5 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ፣ 1.6 ኪሎ ፉርሽካ፣ 150 ግራም የአጥንት ዱቄት፣ 50 ግራም ጨው ይቀላቅሉ። የእንቁላል ጣይ መኖ አይስጡት፤ ለቅርፊት የተጨመረበት ካልሲየም የአውራን ኩላሊት ይጎዳል። ቀይም ሆነ ጥቁር ላባ ፀሐይ ብዙ ከመታው ይደበዝዛል፣ ነጩ ይወይባል፤ እኩለ ቀን ላይ ጥላ ያስፈልገዋል።

የሚያጥቡት 3 ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት፣ በለብታ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ነው፤ ሁለት ጊዜ ያለቅልቁት። ከሰዓት በኋላ ካጠቡት የጎንደር ምሽት እርጥብ ሳለ ይይዘዋል። አናቱና እግሩን በስስ ቫዝሊን ያብሱት። ከዚያ በፊት ለ2 ሳምንት በየቀኑ ጥቂት ሰዓት ኬጅ ውስጥ አስገብተው ሰው ያስለምዱት፤ ያልለመደ አውራ በር ሲከፈት ራሱን ከሽቦው ያጋጫል፣ ያ የተተካ ጅራትም ያኔ ይሰበራል።