ለሬሜዲ ፊልተሮችና አክቲቭ ሊንኮች ስም ስናወጣ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ ደስ አለኝ። ብዙ ቡድን ይህን የሚጠይቀው ነገሩ ከተዝረከረከ በኋላ ነው። የቢኤምሲ ሬሜዲን (የአገልግሎት ጥያቄዎችን በቲኬት የሚያስተናግደውን ሶፍትዌር) ሦስት ሆናችሁ እንደምታስተዳድሩና ሁላችሁም ለፊልተሮች (ሰርቨሩ ላይ ለሚሠሩ ደንቦች) እና ለአክቲቭ ሊንኮች (ተጠቃሚው ስክሪን ላይ ለሚሠሩ ደንቦች) በየፊናችሁ ስም እንደምታወጡ ነግረኸናል። የአክሽኑን (ደንቡ የሚፈጽመውን ሥራ) ዓይነትና የኤክስኪውሽን ኦርደሩን (የቅደም ተከተሉን) ቁጥር ስሙ ውስጥ እናስገባ ወይ ነው ጥያቄህ። ለእኔ መልሱ ሁለቱንም አታስገቡ ነው። ምክንያቴን ልንገርህ።

ስም የሚወጣው ሎግ ለሚያነበው ሰው ነው። ቲኬት ሴቭ አልሆን ሲል፣ ተጠቃሚው ስልክ ላይ ሆኖ ሲጠብቅህ፣ የፊልተር ሎጉን ትከፍታለህ። ሰርቨሩ የፊልተሩን ስም ይጽፋል፣ ከጎኑ በቅንፍ ኦርደሩን ያስቀምጣል፣ ከዚያ ኳሊፊኬሽኑን (ፊልተሩ እንዲሠራ የተቀመጠውን ሁኔታ) አለፈ ወይም አላለፈም ይላል። እንዲህ ያለ መስመር ተደርድሮ ነው የምታገኘው። እዚያ መሃል «ቴስት 2» ወይም «አዲሱ ኖቲፊኬሽን» የሚል ስም ምንም አይነግርህም። ቁጥሩን ደግሞ ሎጉ ራሱ ስለሚያሳይህ ስሙ ውስጥ መድገም አያስፈልግም። ነገ አንዱ ኦርደሩን ከ500 ወደ 650 ቀይሮ ስሙን ቢተወው፣ ስሙ ይዋሻል።

አክሽንም እንደዚያው ነው። ዛሬ ሴት ፊልድስ (ፊልድ ላይ ዋጋ መሙላት) ብቻ ያለበት ፊልተር ነገ ኖቲፋይ (መልእክት መላክ) ይጨመርበታል። ስለዚህ ለምን እንደተሠራ ጻፉ። የእኔ አደራደር ይኸው፦ መጀመሪያ የድርጅታችሁ መለያ፣ ሦስት ወይም አራት ፊደል። ቀጥሎ ሞጁሉ። ከዚያ ዓላማው፣ ለምሳሌ «ለቪአይፒ ፕራዮሪቲ ከፍ ማድረግ»። አንድ ፊልተር ብዙ ፎርሞች ላይ የሚሠራ ከሆነ የአንዱን ፎርም ስም አትስጡት። አክቲቭ ሊንክ ከሆነ የቁልፉን ወይም የፊልዱን ስም ጨምሩ፤ ተጠቃሚው «ይቺን ስጫን ኤረር አመጣ» ነው የሚላችሁ። ኤስካሌሽን (በተወሰነ ጊዜ የሚነሳ ደንብ) ላይ የቀኑን ቁጥር አትጻፉ፣ ይቀየራል።

መለያችሁ ከቢኤምሲ ጋር እንዳይጋጭ ተጠንቀቁ። ኤችፒዲ የኢንሲደንት ነው፣ ሲኤችጂ የቼንጅ፣ ፒቢኤም የፕሮብሌም፣ ሲቲኤም የሰዎችና የድርጅቶች መረጃ። በእነዚህ የሚጀምር ስም ያየ ሰው ከአምራቹ የመጣ ነው ብሎ ያልፈዋል። ከሬሜዲ ስሪት 7.6.04 ወዲህ ኦቨርሌይ (በአምራቹ ሥራ ላይ የሚደረብ የራስ ለውጥ) ስላለ፣ የተነካካውና አዲስ የተፈጠረው ይለያል። ውስጣዊ ስሙ መጨረሻ ላይ ሁለት አንደርስኮር ይገባና ለኦቨርሌይ ኦ፣ ለከስተም ሲ ይከተላል። ቢሆንም የራሳችሁ መለያ ከፊት ይኑር።

አንድ ቦታ ግን ስም ራሱ ሥራ ይሠራል። ፊልተር በፌዝ (በደረጃ በደረጃ) ነው የሚሄደው። ሴት ፊልድስ ወዲያው ይፈጸማል፤ ፑሽ ፊልድስ (ዋጋን ወደ ሌላ መዝገብ መላክ) ግን የመጀመሪያው ፌዝ እስኪያልቅ ይጠብቃል። የፊልተሩ ስም በባክኮትና በቃለ አጋኖ (`!) ካለቀ፣ ሰርቨሩ ወረፋውን ትቶ እዚያው ይፈጽመዋል። ይህን የማያውቅ ሰው ስም ላጽዳ ብሎ ምልክቷን ቢያጠፋ፣ ኮዱ ሳይነካ ውጤቱ ይቀየራል። እንዲህ ያሉ ፊልተሮችን ሄልፕ ቴክስት ላይ ምክንያታቸውን ጻፉባቸው። እባካችሁ ይህን አትለፉት።

ስለ አሮጌዎቹ ደግሞ፦ በጅምላ ስማቸውን አትቀይሩ። ሬሜዲ ፊልተሮቹንና ሌሎቹን ዕቃዎቹን የሚያውቃቸው በስማቸው ነው። በሠራሁበት አንድ ድርጅት ቡድኑ ዴቭ (የመሥሪያና የመሞከሪያ ሲስተም) ላይ ፊልተሮቹን በአዲስ ስም ቀይሮ ወደ ፕሮዳክሽን (ተጠቃሚዎቹ ወደሚሠሩበት ሲስተም) ኢምፖርት አደረገ። ፕሮዳክሽን ግን እንደ አዲስ ነው የተቀበላቸው። አሮጌዎቹም በቦታቸው መሥራታቸውን ቀጠሉ። ለአንድ ቲኬት ሁለት ሁለት ኢሜይል መሄድ ጀመረ፤ ሰዉም ኢሜይል ሰርቨሩን ሲወቅስ ከረመ።

ስለዚህ አዲሱን ደንብ ከዛሬ በኋላ ለምትሠሩት ብቻ አውሉት። አሮጌውን የምትነኩት ለሌላ ሥራ ስትከፍቱት ይሁን። ያኔ ስሙን ከቀየራችሁ፣ ፕሮዳክሽን ላይ ያለውን የድሮ ስም ዲሴብል ማድረግን የዚያው ሪሊዝ ሥራ ውስጥ አስገቡት።