«መግል ነው በሏት» ይለኛል ልጃቸው፤ እሳቸው ግን እየጠየቁኝ ነው

ጥያቄ፦ ደሴ፣ አንድ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ። ከኩታበር በኩል የመጡ እናት ተኝተውልናል። ጡታቸው ላይ ያለው እብጠት ናሙናው ተመርምሮ ካንሰር ሆኗል። ሐኪሙ ውጤቱን የነገረው ለትልቁ ልጃቸው ነው። ልጁ ደግሞ ሁላችንንም እየዞረ «መግል ነው፣ ተቀዶ ይወጣል በሏት፤ ካንሰር መሆኑን ከሰማች በድንጋጤ ትሞትብናለች» ይላል። የፈቃድ ፎርሙንም የፈረመው እሱ ነው። ጡታቸው ሊወጣ እንደሆነ እሳቸው አያውቁም። ትናንት ማታ መድኃኒት ልሰጣቸው ስጠጋ እጄን ያዝ አድርገው «ልጄ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ምንድን ነው ያገኘኝ?» አሉኝ። «ዶክተሩ ይነግሩዎታል» ብዬ ወጣሁ። ኦፕሬሽኑ ከነገ ወዲያ ነው። ብናገር ቤተሰቡ ይጣላኛል፤ ዝም ብል ደግሞ እንቅልፍ አይወስደኝም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ልጁ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈርቶ ነው። ካንሰር ሲባል እኛ ዘንድ ብዙ ሰው የሚሰማው ሞት ብቻ ነው። የጡት ካንሰር ግን ሳይሰራጭ ከተደረሰበት ሊድን ይችላል፣ ጡቱ የሚወጣውም ለዚሁ ነው። ይህን ልጁ ራሱ ረጋ ብሎ የነገረው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ፊርማው ላይ ግን አልለሳለስም። እኚህ እናት ልቦናቸው ሙሉ የሆነ አዋቂ ናቸው፤ የልጅ ፊርማ የእሳቸውን ፈቃድ አይተካም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 20 ላይ ሰው ምርመራንም ቀዶ ሕክምናንም እምቢ ማለት ይችላል ይላል፤ ያልተነገረውን ነገር እንዴት አድርጎ ነው እምቢም እሺም የሚለው? በ2006 የወጣው የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ ደንብ ቁጥር 299ም የጤና ባለሙያ ታካሚው አውቆ ሳይፈቅድ እንዳያክም ከልክሏል። እስቲ አስቢው። «መግል ነው» ተብለው ገብተው ሲነቁ ደረታቸው በፋሻ ታሽጓል፣ ጡታቸው የለም። ከዚያ በኋላ ማንን ያምናሉ? ኬሞ፣ ማለትም የካንሰር መድኃኒት፣ ቢታዘዝላቸው ደግሞ ብዙ ጊዜ በየሦስት ሳምንቱ ነው፣ ወራት ይፈጃል። መግሉ ወጥቶልኛል ብለው ያመኑ ሴት ፀጉር የሚያረግፍ መድኃኒት ፍለጋ ደሴ ድረስ ለምን ይመላለሳሉ? አጨዳ ሲደርስ ይቀራሉ።

ይህን ስል ሮጠሽ ገብተሽ ንገሪያቸው ማለቴ አይደለም። ውጤቱን ማሳወቅ የሐኪሙ ሥራ ነው። ያንቺ ሥራ ጥያቄያቸው መንገድ ላይ እንዳይቀር ማድረግ ነው። ዛሬውኑ ለሄድ ነርሷም ለሐኪሙም «ታካሚዋ ምን እንዳገኛቸው ጠይቀውኛል፣ ፎርሙን ግን የፈረሙት እሳቸው አይደሉም» በያቸው። ያሉሽንም በራሳቸው ቃል ቻርቱ ላይ ጻፊው። «ተዪው» ካሉሽ ወደ ማትሮን፣ ወደ ሆስፒታሉ ነርሶች ኃላፊ፣ ሂጂ። የዓለም ጤና ድርጅት የቀዶ ሕክምና ደህንነት ቅጽ ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት በመጀመሪያ የሚጠይቀው ታካሚው ማንነቱን፣ የሚቀደደውን ቦታ፣ የሚሠራለትን ነገርና ፈቃዱን ማረጋገጡን ነው። እዚያ አልጋ ላይ ሆነው ከሚሰሙት ዛሬ ቢሰሙት ይሻላል።

ልጁን ለብቻው ጥሪው። እኛ መርዶ እንኳ ደብቀን አናስቀርም፤ ጊዜ መርጠን፣ ሽማግሌና ዘመድ አስቀምጠን እንናገራለን። ይሄ ደግሞ መርዶ አይደለም፣ ሕክምና ያለው በሽታ ነው። «አንተም አጠገባቸው ሁን፣ ዶክተሩ ቀስ ብሎ ይንገራቸው» በዪው። መጀመሪያ ቢቆጣም አብዛኛው ቤተሰብ እዚህ ላይ ይለሰልሳል፣ ሸክሙ የከበደው እሱንም ነውና።

እስከዚያው ደግመው ከጠየቁሽ መግል ነው አትበያቸው። ቁጭ ብለሽ «እማማ፣ ስለ ሕመምዎ ሁሉንም ራስዎ መስማት ይፈልጋሉ ወይስ ልጅዎ ይስማልዎት?» ብለሽ ጠይቂያቸው። «ለልጄ ንገሩት፣ እኔ አልፈልግም» የሚሉ እናቶች አሉ፤ እሱም መብታቸው ነው፣ ግን ያሉት እሳቸው መሆን አለባቸው። እንዲህ ካሉሽም ጡታቸው እንደሚወጣ ሐኪሙ ይንገራቸው፣ የመረጡትን ቻርቱ ላይ አስፍሪው፣ ፎርሙ ላይም የእሳቸው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ይኑር።